«ባሌስትራ ጨምረህ ትገላገላለህ»፦ የሂሉክስና የዲማክስ ክርክር በድሬና በሐረር ሰዎች መካከል

ከዚራ፦ ትናንት አንድ ደላላ በፈረንጅ 2014 ሞዴል የሆነ ሂሉክስ ሊሸጥ ምን ብሎ እንደጻፈ አያችሁልኝ? «3.5 ቶን ይስባል፣ የደንገጎን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ይወጣል፣ ዲማክስ ግን ስፔር የሌለው የጫት መኪና ነው።» አቦ ይሄ 3.5 ቶን የሚዛን ነው ወይስ የበርጫ ሰዓት ቶን? ያ የቀድሞው አካል ሂሉክስ እኮ ዋን ኬዲ ሞተር ነው፣ ባለ 3 ሊትር፣ የመጠምዘዝ ጉልበቱ በማንዋል ማርሹ 343 ኒውተን ሜትር። 3.5 የሚባለው ወሬ ለሂሉክስ የመጣው ከ2015 ወዲህ ከአዲሱ አካል ጋር ነው፣ ለዚያውም ለሁሉም አይደለም። የሚያስቀው፣ የሰደበው ዲማክስ በዚያው ዘመን 380 ነበረው።

ለገሀሬ፦ የዲማክስ ጠበቃ ከች አለ። 343 ይሁን 380፣ ሂሉክስ ቢቆም ከመኢሶ እስከ ጅጅጋ በየከተማው ስፔር አለ። ዲማክስህ ሲቆም አዲስ አበባ ደውለህ፣ በአውቶቡስ አስልከህ፣ መናኸሪያ ሄደህ ተቀብለህ፣ ከዚያ «ይሄ የዚህ ሞተር አይደለም» ትባላለህ። ለሥራ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ኒውተን አይደለም፣ ቀን ነው።

ሸዋ በር፦ ዲማክስ አይሱዙ አይደል? አይሱዙ ስፔር የለውም? ግማሹ የጭነት መኪና ኤን ፒ አር በሆነበት አገር?

ለገሀሬ፦ ይኸው! ይህቺን ነበር የምጠብቀው። ኤን ፒ አሩ ላይ ያለው 4ኤችጂ1 ነው፣ 4.6 ሊትር። ዲማክሱ ላይ 4ጄጄ1፣ 3 ሊትር። ፒስተኑ ሌላ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ሌላ፣ የናፍጣ አሠራሩ ሌላ። ሞክሼ ሁሉ ዘመድ አይደለም ወንድሜ።

ሸዋ በር፦ እሺ ሞክሼ ይሁን። ግን የሞተሩን ቫልቮች የሚያሠራው ካቴና (ሰንሰለት) ነው። ያንተ ዋን ኬዲ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው፣ 150,000 ኪሎሜትር ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራብሃል። የድሬ አቧራና ሙቀት ላይ 150 መጠበቅ በራሱ ቁማር ነው፣ በ100,000 የሚቀይር ነው አስተዋዩ። ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይሳሳማሉ፣ ቴስታታ ማውረድ ነው።

ሳቢያን 02፦ ሁለታችሁም ዝም በሉና 79 ግዙ። ላንድክሩዘር፣ ዋን ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ፒስተን፣ ኮምፒዩተር የለ፣ ምን የለ። በሃይላንድ የሚሸጥ ናፍጣ ብታጠጣው አይነቅፍም።

ከዚራ፦ አይነቅፍም፣ አይሮጥም። ዋን ኤችዜድ ተርቦ የለውም። 285 ኒውተን ሜትር፣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት፣ እሱም በባሕር ወለል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፣ አየሩ እየሳሳ ይሄዳላ። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ነው፣ ደንገጎ ጫፍ ከ2000 በላይ። እዚያ ስትደርስ ከ130ው የቀረህን አስላው። ተሳቢ ይዘህ በሁለተኛ ማርሽ ጥቁር ጭስ እየተፋህ የባጃጅ ሰልፍ ከኋላህ ይዘህ ነው የምትወጣው። ቺንጋውንስ ረሳኸው? እሱም ቺንጋ ነው፣ በ100,000።

ሳቢያን 02፦ ጭስም ቢተፋ ይደርሳል።

ለገሀሬ፦ ዋጋውን ሳትናገር ነው የምታወራው። በ79 ዋጋ ሂሉክስ ገዝተህ የቀረውን ቤት ትሠራበታለህ። የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም ከተባለ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ ደግሞ ያገለገለ ነገር ሁሉ ወርቅ ሆኗል።

አሮጌው ፍሪሲዮን፦ ልጆች፣ ሞተሩን ለአፍታ ተዉትና ተሳቢውን እዩ። ፋብሪካ 3.5 ቶን ብሎ የሚጽፈው የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ለሁለቱም የሚጽፉት አንድ ነው፣ 750 ኪሎ። እኛ አገር በብየዳ የሚሠራው አብዛኛው ተሳቢ አክስሉ ከአሮጌ መኪና የወጣ ነው፣ ታምቡሩን ብትከፍቱት ሸራ የለም። ስለዚህ ሂሉክስ በሉት ዲማክስ፣ ክርክራችሁ የሚጀምረው ከ750 ነው።

ባቢሌ ለውዝ፦ ጋሼ ልክ ብለዋል፣ ሥራው ግን 750ን አይጠብቅም። 1000 ሊትር የሚይዝ የውሃ ተሳቢ ከነብረቱ ከነጎማው 1400 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከድሬ ወደ አዴሌ ጎን ለግንባታ ይዞ ለመውጣት የቱ ይገዛ? ጥያቄዬ እሷ ብቻ ናት።

ለገሀሬ፦ ሂሉክስ ግዛ። ከኋላ ሁለት ባሌስትራ (የላሜራ ሞላ) ጨምረህ ትገላገላለህ።

አሮጌው ፍሪሲዮን፦ ከምኑ ነው የሚገላገለው? ከሥራው ወይስ ከነፍሱ?

ለገሀሬ፦ ጋሼ ደግሞ! ሁሉም የሚያደርገው ነው እኮ።

አሮጌው ፍሪሲዮን፦ ሁሉም ስለሚያደርገው ነው የምነግርህ። በቀድሞው አካል ሂሉክስ ሥር ግባና እይ። ከኋላው አክስል ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች፣ ጫፏ ላይ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቫልቭ አለ። ሲጫን ወገቡ ዝቅ ይላል፣ ዘንጓ ቫልቩን ትገፋዋለች፣ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቀቃል። ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይቀንሳል፣ የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ። አንተ ባሌስትራ ጨምረህ ወገቡን አምስት ሴንቲ ብታነሳው፣ ቶን ጭነህም ቫልቩ «ባዶ ነኝ» ይላል። ደንገጎን ስትወርድ የኋላው ፍሬን ይተኛል፣ የፊቱ ብቻውን ይታገላል። ዲስኩ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሸራው ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ወለል ድረስ ይገባል። ባሌስትራ የጨመረ ሰው የዘንጓን ልክ እንደገና ማስተካከል አለበት። ሰው ግን ባሌስትራውን አስገጥሞ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል።

ለገሀሬ፦ አክብሬዎት ነው የምናገረው ጋሼ፣ ግማሹ ጋራዥ ዘንጓን በሽቦ ወደ ላይ አስሮ ይተዋታል፣ ችግር የለም።

ሸዋ በር፦ በሽቦ የታሰረ ፍሬን! እና ይሄን ነው የምትመክረን? «ትገላገላለህ» ያልከው አሁን ገባኝ።

ከዚራ፦ በሽቦ ወደ ላይ ከታሰረች ቫልቩ ሁልጊዜ «ሙሉ ጭነት» ነው የሚለው። ባዶውን ዝናብ ላይ ስትረግጥ የኋላ ጎማህ ይቆለፍና ቂጡ ይቀድምሃል። ደንገጎ ጉም ላይ ሞክራት።

ለገሀሬ፦ ዲማክሱስ? የኋላው ያው ታምቡር አይደል? ስለ ሂሉክስ ብቻ ነው ምላሳችሁ የሚረዝመው።

አሮጌው ፍሪሲዮን፦ ያው ታምቡር ነው፣ አልተሻለም። ለሁለቱም የምለው አንድ ነው። የወጣህበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ። በሁለተኛ ከወጣህ በሁለተኛ ውረድ፣ ፍሬን ረገጥ ለቀቅ እንጂ ተኝተህ አትርገጥ። የፍሬን ዘይት ዶት 3 ሲሆን አዲሱ 205 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፣ እርጥበት ሲጠጣ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ የጠጣው 155። በሁለት ዓመት አንዴ ማስቀየር ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥም።

ባቢሌ ለውዝ፦ ጋንቾውስ፣ ተሳቢው የሚያያዝበት? ባምፐሩ ላይ በብየዳ ቢሆን?

አሮጌው ፍሪሲዮን፦ ባምፐር ላይ በጭራሽ። በሁለቱም በኩል ከሻንሲው ጎን በቡሎን ይታሰር፣ ቡሎኑ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ይሁን። የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር አትብሳ፣ ጎኑን ነው የምትበሳው። ደግሞ ጋንቾው ላይ የሚያርፈው የተሳቢውን አንድ አሥረኛ ያህል ይሁን፣ ለ1400 ኪሎ 140 ገደማ። ከሱ ካነሰ ተሳቢው ጭራ ይቆላል፣ ከበዛ የመኪናውን ግንባር ያነሳና መሪው ይቀላል። 140ው ከፒካፑ ጭነት ላይ ይቀነሳል፣ ሰው ይህን ረስቶ ከኋላ ሃያ ኩንታል ሲሚንቶ ይደረድራል። ውሃው ደግሞ ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ይሁን። ግማሽ ታንከር ኩርባ ላይ ይጎትትሃል፣ መሃሉ መከፋፈያ ብረት ከሌለው ደግሞ የባሰ ነው።

ሳቢያን 02፦ 79 ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ከዚራ፦ የፊዚክስ ሕግ ለ79 አይሠራም ማለትህ ነው?

ሸዋ በር፦ ወደ ሞተሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ለገሀሬ ያመለጠ መስሎታል። ዋን ኬዲ ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው) ሥር ያለችው ማኅተም ስታረጅ የፍንዳታ ጋዝ ወደ ላይ ታስመልጣለች። ጋዙ ዘይቱን ያከስለዋል፣ ከሰሉ ወርዶ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፣ ዘይት ላይ አይወጣም፣ ሞተሩ ይነክሳል። ዘይት በቀየርክ ማግስት ሬንጅ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ሊገዛ የሚሄድ ሰው ጠዋት በቀዝቃዛው ያስነሳው፣ የሚያንኳኳ ድምፅ ይስማ፣ ከተቻለ ኮፓውን አስወርዶ ወንፊቱን ይይ። አራቱ ማኅተሞች ሁሌም አዲስ ናቸው፣ የወጣችውን አጥቦ መመለስ የለም። ኢንጀክተር ከተቀየረም ኮዱ በኮምፒዩተር ይገባል፣ ካልሆነ ስራ ፈት ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል።

ለገሀሬ፦ የታወቀ ነገር ነገርከን። የታወቀ በሽታ መድኃኒቱም የታወቀ ነው። ዲማክስ ፖምፓው ላይ ያለችው የናፍጣ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ስትቆሽሽስ? ስራ ፈት ላይ ወጣ ገባ ይላል፣ መብራት ላይ ቆሞ ይጠፋል፣ ደንገጎ መሃል ጉልበቱን ይቆርጣል። መካኒኩ ደግሞ ስለማያውቃት ኢንጀክተር ቀይር ይልሃል፣ አራቱን።

ከዚራ፦ እዚህ ላይ ለገሀሬ እውነት አለው፣ ይመዝገብለት። ግን ቫልቩ የዴንሶ ነው፣ ያንተም ቶዮታ ላይ ያለው የዴንሶ ነው። ሁለቱንም የሚገድላቸው አንድ ነገር ነው፣ ቆሻሻ ናፍጣ። በጀሪካን የተቀዳ ከሆነ ወደ ግልጽ ሃይላንድ ቅዳውና አንድ ሌሊት አስቀምጠው። ጠዋት ከሥሩ እንደ እንባ የተጠራቀመ ነገር ካለ ውሃ ነው። ፊልትሮው ሥር ያለችውን ቡሎን በሳምንት አንዴ ፈታ አድርገህ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስስ፣ መልሰህ አጥብቅ፣ ከላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ጫን ጫን አድርግ፣ ከዚያ አስነሳ። ፊልትሮ በ10,000። የነዚህ ሞተሮች የናፍጣ አሠራር፣ ኮመን ሬል የሚባለው፣ ግፊቱ ከ1500 ባር በላይ ይደርሳል፣ በዚያ ግፊት አንድ የአሸዋ ቅንጣት ጥይት ናት።

ሳቢያን 02፦ ዋን ኤችዜድ...

ሸዋ በር፦ አወቅን!

ለገሀሬ፦ እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅ። ዲማክስ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ኮድ 4 ሁሉ ለምን ቶዮታ ሆነ? መንግሥት ሞኝ ነው?

ከዚራ፦ ጨረታው «ቶዮታ ወይም ተመጣጣኝ» ይላል፣ ተመጣጣኙ ግን ዝርዝሩ ሲነበብ የሂሉክስ ካታሎግ ግልባጭ ይሆናል። የተሽከርካሪ ጥያቄ አይደለም፣ የልማድ ነው። ለመንግሥት ደግሞ ሲሸጥ ዋጋ የሚያወጣ መግዛት ጥፋት አይደለም፣ ግብር ከፋዩ ግን ለዚህ ስም ጭማሪ ይከፍላል።

ለገሀሬ፦ ሲሸጥ ዋጋ ያወጣል! ራስህ አልከው! ተገላገልን!

ሸዋ በር፦ በሽቦ አስረህ ትገላገላለህ።

ለገሀሬ፦ አንተ ዝም በል፣ ሐረሬ እስከ ትናንት ፔጆ 404 ላይ ተቀምጦ ስለ ናፍጣ ሊያስተምር።

ሸዋ በር፦ 404ን አትንካ። ስንት ዓመት ከጀጎል በር እስከ አወዳይ የሠራ፣ ካርቡሬተሩን በመቀስና በብሩሽ የምትጠግነው መኪና ነው። ድሬ ከባጃጅ ሌላ ምን አላት?

ባቢሌ ለውዝ፦ የውሃ ተሳቢውስ ነገር?

አሮጌው ፍሪሲዮን፦ ልጄ፣ ለአንተ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ተሳቢው ፍሬን ይኑረው፣ ሲገፋ የሚይዝ ዓይነት፣ ጋንቾው ራሱ ሲጨመቅ ሸራውን የሚስብ። ከዚያ ሁለቱም ይስቡልሃል። ፍሪሲዮን ላይ ግን ተጠንቀቅ። ተሳቢ ይዘህ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስትገፋ በግማሽ ፍሪሲዮን አትሞክር፣ ሎው (የአራቱን ጎማ ዝቅተኛ ማርሽ) አስገባ። ቀጥ ብለህ ለአጭር ርቀት ከሆነ አስፋልት ላይም ችግር የለውም፣ መሪ አትጠምዝዝ እንጂ። ሁለቱም ከፋብሪካ የሚመጡበት ቮላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ክብ ብረት) ድርብ ነው፣ ከተቃጠለ ከፍሪሲዮኑ ይልቅ እሱ ነው ኪስ የሚያራቁተው።

ባቢሌ ለውዝ፦ እና የቱን?

አሮጌው ፍሪሲዮን፦ መካኒክህ የሚያውቀውን።

ለገሀሬ፦ ሂሉክስ አሉ! ሰማችሁ?

ከዚራ፦ እንደሱ አላሉም። የሐረሩ መካኒክ ዲማክስ ካወቀ ዲማክስ ነው።

ሸዋ በር፦ የሐረሩ ያውቃል።

ለገሀሬ፦ ይልቅ ደላላው አሁን ምን ብሎ እንደጻፈ እዩ፣ «ተሽጧል» ብሏል። እናንተ ስታወሩ ሰው ገዝቶ ተገላገለ።

ሸዋ በር፦ የተገላገለው ሻጩ ነው። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የጠየቀ አለ?

ለገሀሬ፦ አሁን ደግሞ «ዲማክስ ካቴና ነው» ልትል ነው አይደል? ጀመረው።