ድመት ያቀፈች ሴት ያለችበት 2 ዩሮ፦ ዋጋ አለው ወይስ ልሸወድ ነው?

የሮሟ ባዳንቴ፦
ሰላም ወገኖች። ሮም ውስጥ አንዲት የ88 ዓመት ሲኞራ እጠብቃለሁ። ማክሰኞ ዕለት አትክልት ገዝቼ መልስ ስቀበል አንዱ ሳንቲም ተለየብኝ። የጣልያን 2 ዩሮ ላይ የማውቀው ያንን አፍንጫ ረዥሙን ገጣሚ ዳንቴን ነው። እዚህኛው ላይ ግን አንዲት ልጅ እግር ሴት ድመት አቅፋለች። ሊዮናርዶ የሚል ጽሑፍ አለው፣ 1519 እና 2019ም ተጽፎበታል። ለአፍታ 500 ዓመት የሞላው መስሎኝ ልቤ ቀጥ ልትል ነበር፤ ዩሮ መቼ እንደመጣ ረስቼው እኮ ነው!

ስልኬ ላይ ብፈልግ አንዱ 3,500 ዩሮ ብሎ ለሽያጭ አውጥቶታል። እንቅልፍ የለም። በሐሳቤ አዲስ አበባ የእናቴን ጣሪያ አስቀየርኩ። ገንዘቡ የሲኞራ የአስቤዛ ገንዘብ ስለሆነ ከቦርሳዬ 2 ዩሮ አውጥቼ ተካሁላት፤ እሷ ግን አታውቅም፣ እሱም እየከነከነኝ ነው።

ጠቆር ጠቆር ያለ ነገር ስለነበረበት በሎሚና በቢካርቦናቶ (በመጋገሪያ ሶዳ)፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌው አሁን እንደ መስታወት ያበራል። አንድ ሰውዬ ደግሞ «መርምሬ የምስክር ወረቀት እሰጥሻለሁ፣ መጀመሪያ 60 ዩሮ ላኪ» ብሎኛል። ልላክ?

ሳንቲም ለቃሚ፦
እህቴ፣ 60 ዩሮሽን ያዢ!

ይህ ሳንቲም ጣልያን ሠዓሊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሞተበትን 500ኛ ዓመት ለማሰብ በ2019 ያወጣችው ነው። 1519 ያረፈበት ዓመት መሆኑ ነው። የተመታው በሚሊዮኖች ስለሆነ በሁሉም የዩሮ አገር ማኪያቶ ይገዛልሻል፣ ዋጋውም 2 ዩሮ ነው። ኪስ ያልገባ፣ አዲስ ቢሆን ኖሮ ሳንቲም ሰብሳቢ ትንሽ ይጨምርበት ነበር። ሎሚው ላይ ስደርስ ግን አንቺ ለጣሪያው እንዳዘንሽ እኔም አዘንኩ። ሳንቲም አይታጠብም! ያ ያበራል ያልሽው ነገር ለሰብሳቢ ቁስል ነው፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ ብሩሹ የሄደበት መስመር ሁሉ ይቆጠራል።

3,500 ያለውን ሰው እርሺው። መጠየቅ መሸጥ አይደለም፣ ማየት ያለብሽ ሰው የከፈለውን ዋጋ ነው። እውነት ውድ የሆነ 2 ዩሮ ከፈለግሽ ሞናኮ በ2007 ለልዕልቷ ለግሬስ ኬሊ መታሰቢያ 20,001 ብቻ መታች። እሱ ሺዎች ያወጣል፣ ግን በአትክልት መልስ አይመጣም።

ሐሰተኛ እንዳይሆን ብቻ እይው፤ 8.5 ግራም መመዘን አለበት፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ 2 ቁጥርና ኮከብ አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ተገልብጦ ስድስት ጊዜ ይደጋገማል።

ቶሪኖ ጋራዥ፦
ድመቷ ሎሚ ስትቀቢያት አልቧጨረችሽም?

ደብተራው፦
ድመት አይደለችም። ጣልያኖች ኤርሜሊኖ ይሉታል፣ ክረምት ሲገባ ፀጉሩ የሚነጣ፣ የእኛን ፋደት የመሰለ አውሬ ነው። ሴትየዋ ቼቺሊያ ጋሌራኒ ትባላለች፣ የሚላኑ ገዥ የሉዶቪኮ ስፎርዛ እቁባት ነበረች። ሊዮናርዶ ወደ 1490 ገደማ ሲስላት ገና ለጋ ናት። በግሪክ ቋንቋ የዚህ ዓይነቱ እንስሳ «ጋሌ» ነው፤ ጋሌ፣ ጋሌራኒ። ሰም ለበስ ወርቅ ማለት ይሄ አይደል? ሉዶቪኮም የኤርሜሊኖ ኒሻን ነበረው፣ ስለዚህ ልጅቱ ያቀፈችው ስሟንም ፍቅረኛዋንም ነው።

ሥዕሉ ግን ጣልያን የለም፣ ፖላንድ፣ ክራኮቭ ከተማ ነው። የፖላንድ መንግሥት በ2016 ከነሙሉ ስብስቡ በ100 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው። ጣልያን በራሷ ሳንቲም ላይ ያተመችው የሰው አገር ንብረት ነው ማለት ነው፣ ደፋር ናት!

ሮም ስላለሽ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሊዮናርዶ ከ1513 እስከ 1516 ቫቲካን፣ ቤልቬዴሬ በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ኖሯል። ያን ጊዜ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ የእኛ መነኮሳት ነበሩ፤ በ1513 የመጀመሪያው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ሮም የታተመውም በእነሱ እርዳታ ነው። መንገድ ላይ ይተላለፉ እንደሆን እያልኩ አስባለሁ።

የሮሟ ባዳንቴ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በሲኞራ የኬክ ሚዛን መዘንኩት፣ 8 ከዚያ 9 እያለ ይዋልላል፣ ጠርዙ ግን እንዳላችሁት ነው። ሰውየውን አገድኩት።

ለሲኞራም ነገርኳት። መነጽሯን አጥልቃ ብዙ አየችውና «2 ዩሮውን ለምን ተካሽ? የተካሽው ሎሚዬን ቢሆን ኖሮ!» አለችኝ። ዓሣው ላይ የሚጨመቅ ጠፍቶ ነበር ለካ። ከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ የብስኩት ቆርቆሮ አስወጣችኝ፣ ውስጡ ከዩሮ በፊት የነበረው የጣልያን ገንዘብ፣ ሊሬ፣ ሞልቷል። ሚኬላንጄሎ ያለበት ትልቅ የ10,000 ሊሬ ወረቀትም አለ፣ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ሳስቷል። ሳንቲም ለቃሚ፣ ነገ ፎቶ እለጥፋለሁ። ሎሚ አላስነካሁትም።