ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ደብራችንን እንዴት እናዘጋጅ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የፈንታሌ ጎረቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ከመተሐራ ብዙም በማይርቅ ከተማ የአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እንደከረመ ታስታውሳላችሁ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት፣ ገና ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከባዱ መጣ። መጠኑ ከ5.5 በላይ ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በዚያ ሰሞን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሳ። ብዙ ቤተሰብ ወደ እኛም ግቢ መጥቶ አደረ።

እኛ ግን ምንም አላዘጋጀንም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በቄሰ ገበዙ እጅ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ለለቅሶ ገጠር ሄደዋል። ድንኳኑና ምንጣፉ እንደተቆለፈበት ሕፃናት በባዶ መሬት አደሩ። ያ ሌሊት እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ጋብ ብሏል። ሳንዘናጋ እቅድ ማውጣት እፈልጋለሁ። የሰሜኑ ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ እንዴት እናድርገው? ከምን እንጀምር? ደግሞ ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ «እግዚአብሔር ይጠብቀናል፤ ይሄ ሁሉ ዝግጅት እምነት ማጣት ነው» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ሲቪል መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ከግድግዳው ልጀምር። መጀመሪያ ስንጥቁን በልስን አትሸፍኑት። ብዙ ቦታ የማየው ስህተት ይሄ ነው። ሲለሰን ያምራል፤ ግድግዳው ግን አልዳነም፤ የሚያስጠነቅቃችሁን ምልክት ደግሞ አጠፋችሁት።

በልስኑ ላይ ብቻ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ አያስፈራም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ ብሎኬቱን ወይም ድንጋዩን የከፈለ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ ግን አደገኛ ነው። ግድግዳው ወደ ውጭ ካዘነበለ ወይም ከጣሪያው ከተላቀቀ ማንም አይግባ። ቅዳሴውን በግቢው በድንኳን አድርጉት።

ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ስንጥቁን አቋርጣችሁ የመዳፍ ያህል ጀሶ በስሱ ለጥፉ። ቀኑን ጻፉበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ፎቶም አንሱ። ከዚያ በወረዳው ወይም በከተማው ኮንስትራክሽን ጽሕፈት ቤት በኩል የስትራክቸር ባለሙያ አስመጡና አሳዩት። በምእመናን መካከል ጥሩ ግንበኛ ይኖራል፤ ይሄን ግን እሱ ብቻውን አይወስንም።

በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ቤት መሬት ሲወዛወዝ ክፉ ነው። ጭቃው አያስተሳስርም። ስታድሱ ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስር የኮንክሪት ቀበቶ እንዲኖረው ጠይቁ። የደወል ቤቱን አትርሱ፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይወድቃል። ከሥሩ ነዳያን የሚቀመጡ ከሆነ ቦታ ቀይሩላቸው።

አሁኑኑ ያለ ምንም ወጪ የምትሠሩት ደግሞ በሮቹ ናቸው። ሦስት በር አላችሁ። በብዙ ቦታ አንዱ ወይም ሁለቱ በቅዳሴ ሰዓት ተቆልፈው ይውላሉ። ሦስቱም ይከፈቱ፤ በየበሩ አንድ ሰው ይመደብ። ሲንቀጠቀጥ በር አጠገብ ያለ ወደ ሜዳው ይውጣ። መሃል ያለ አይጋፋ፤ ከግድግዳና ከተንጠለጠለ መብራት ርቆ፣ ተንበርክኮ ራሱን በክንዱ ይሸፍን። መሬቱ ሲረጋ ይውጣ። ጧፉን የሚያጠፋና ቆጣሪውን የሚዘጋ ሰው አስቀድሞ ይታወቅ፤ ያለዚያ እሳት ይከተላል።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷታል። ስምጥ ሸለቆ ላይ ነን፤ ነገም ይመጣል።

መልስ፦ አንድ ቀሲስ፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ ለሽማግሌዎቹ እንዲህ በላቸው። ዮሴፍ በግብፅ ሰባት ዓመት እህል ያከማቸው እምነት ስላጣ አይደለም፤ እግዚአብሔር ስለገለጠለት ነው። ለእኛም መሬቱ ራሱ ነግሮናል። ግን ስትነግራቸው በጉባኤ ፊት አታሸንፋቸው። ቤታቸው ሄደህ ቡና እየጠጣችሁ አማክራቸው። ባለቤት ሲሆኑ ከሁላችሁም ይተጋሉ።

ሌላው ነገር ታቦቱ ነው። ከካህናት በቀር የሚነካው እንደሌለ ታውቃለህ። ስለዚህ ሌሊት ቢሆን የትኞቹ ካህናት እንደሚደርሱ፣ ወዴት እንደሚያርፍ አሁን ይወሰን። ቤታቸው ቅርብ የሆኑ ሁለት ካህናት ይመረጡ። ምእመን ታቦቱን ለማዳን ብሎ ወደሚፈርስ ቤት እንዳይገባ አስተምሩ።

ከአደጋ በኋላም አንድ አደራ አለኝ። ልጇን ላጣች እናት «በኃጢአታችን ነው» የሚል ሰባኪ መድረክ አይሰጠው። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ቃል ተናግሬ የሰው ልብ ሰብሬ አይቻለሁ። አጠገቧ ተቀመጡ፣ አብራችሁ አልቅሱ፣ ይበቃል።

መልስ፦ እኅተ ማርያም፣ ሎስ አንጀለስ

እናንተ ጋ ከባዱ በመጣ በሦስተኛው ቀን፣ በገና ዕለት፣ እኛ ጋ ደግሞ ያ ትልቅ እሳት ተነሳ። አልታዲናና ፓሊሴድስ የሚባሉት ሰፈሮች የነደዱበት ማለቴ ነው። ማስጠንቀቂያው በስልክ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶቻችን ግን አያነቡትም። አንዳንዶቹ ድምፁ ሲረብሻቸው ስልካቸውን አጥፍተው ተኝተዋል።

ያዳነን የንስሐ አባቶች መዝገብ ነው። እያንዳንዱ አባት የንስሐ ልጆቹን ያውቃል። ማን አሮጊት ነው፣ ማን መኪና የለውም፣ ማን በኦክስጅን ይተነፍሳል። ወጣቶቹ ያንን ስም ተከፋፍለው አንድ ሰው አስር ቤት ደወለ። ያልመለሰውን ቤቱ ድረስ ሄዱ።

እናንተም ከባዶ አትጀምሩ። የንስሐ አባት አለ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት አለ፣ ዕድር አለ። ዝርዝሩ በእጃችሁ ነው፤ ወረቀት ላይ አውርዱትና ስልክ ጨምሩበት። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ደወል አለላችሁ። በምን ዓይነት አደዋወል ምን እንደሚደረግ ሕዝቡ ይወቅ።

መልስ፦ የደቻቱ ልጅ፣ ድሬዳዋ

ወንድሜ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጥያቄህ ግን የእኔም ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌሊት ሲመጣ ልጅ ነበርኩ። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ጠዋት ላይ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም በተፈናቀለ ሰው ተሞልቶ ነበር። አጥር አልለየንም።

ስለዚህ ብቻችሁን አታቅዱ። የመስጊዱን ኮሚቴና የጴንጤዎቹን መሪዎች ከአሁኑ ጥሩ። ጀነሬተር ማን ጋ አለ? ጉድጓድ ውሃ ማን ጋ አለ? ሰፊ ሜዳ የማን ነው? በአደጋው ቀን ይሄን ለመጠየቅ ጊዜ የለም። ረድኤት ስታካፍሉ ደግሞ በቤት ቁጥርና በጉዳት መጠን ይሁን፤ በሃይማኖት አይሁን።

መልስ፦ ጤና መኮንን፣ ሳውላ

እዚህ ጎፋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተራራው ሲናድ የመጀመሪያዎቹን ሊያወጡ የሮጡ ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። ደግ ልብ ነው የወሰዳቸው። እባካችሁ፣ ለወጣቶቻችሁ ይሄን ንገሩ፦ አንድ ሰው መሬቱን ብቻ የሚጠብቅ ይመደብ፣ ሲጮህ ሁሉም ይውጣ።

ለግቢው ደግሞ ውሃ ማከሚያ፣ ሳሙና፣ ለሴቶች የተለየና በር ያለው መጸዳጃ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በር ላይ በትልቁ ጻፉት።

መልስ፦ ብራና ጠጋኝ

ስለ መጻሕፍቱ አጭር ነገር። ብራና ከረጠበ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ነፋስ በሚነፍስበት ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። እያንዳንዱ መጽሐፍ አሁኑኑ በስልክም ቢሆን ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሳ፤ ቅጂው ከደብሩ ውጭ ይቀመጥ።

ጥያቄ አቅራቢው፦ የፈንታሌ ጎረቤት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለደቻቱ ልጅም አላህ ይስጥልኝ። ትናንት ተሰብስበን ነበር። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በሦስት ቅጂ እንዲሆን ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ። የመስጊዱ ኢማም የውሃ ታንከራቸውን እንደሚያውሱን ቃል ሰጥተዋል። አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው የመጣው ገንዘብና ዕቃ ላይ ሐሜት ተነስቶ ነበር። እንዴት እናድርግ?

መልስ፦ ጡረተኛ ሒሳብ ሹም

ልጄ፣ ሐሜት የሚበቅለው ወረቀት በሌለበት ነው። ገንዘቡ በጣምራ ፊርማ ባንክ ይግባ፤ ከፈራሚዎቹ አንዷ ሴት ትሁን። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ)፣ ሲወጣ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ይመዝገብ። በየሳምንቱ እሑድ የገባውንና የወጣውን በር ላይ ለጥፉ። የተቀባዮችን ስም ግን አትለጥፉ፤ ሰው እንዳይሸማቀቅ። ጾም ከሆነ ምግብ ለሚልኩት አስቀድማችሁ ንገሩ። ወተት ዱቄት ለሕፃናትና ለሕሙማን ይለያል፣ ለሌላው ሽሮና ምስር ይምጣ። እንዲህ ካልተነገረ እርዳታው ተቆልሎ ሰው ይራባል።

ጥያቄ አቅራቢው፦ የፈንታሌ ጎረቤት

ገብቶኛል፣ ጋሼ። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱን በር ከፍተን ሰዓት ይዘን እንወጣለን። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ተመልሼ እጽፋለሁ።

መልስ፦ ሲቪል መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ

ምርኩዝ የያዙትን እናቶች አታስቀሩ። ሰዓቱን በእነሱ እርምጃ ያዙት።