የመጀመሪያችን ጁላይ 4፦ ሥራው፣ ርችቱና እናቴ

ጥያቄ | አዲስ ገቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ወገኖች። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። ማኔጀሬ ጁላይ 4፣ በአሜሪካ የነፃነት በዓል ቀን፣ ሥራ ግቢ ብላኛለች፤ ድርብ ይከፈላል አይደል? ልጆቼ ደግሞ ርችቱን ካላየን ብለው ወጥረውኛል፤ መኪና የለንም። ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። ለጥየቃ መጥታ እኛ ጋ ናት። ጦርነት ያየ ሰው ናት፤ በር በኃይል ሲዘጋ እንኳ ትበረግጋለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ | የሆቴል ሠራተኛ

ድርብ የሚባለውን እርሺው። የፌዴራል ሕግ የግል ቀጣሪን ለበዓል ተጨማሪ ክፈል ብሎ አያስገድድም። ሜሪላንድም እንደዚያው። አንዳንድ ድርጅት በራሱ ፈቃድ ይከፍላል፤ ኤችአርን (የሰው ኃይል ክፍሉን) ጠይቂ። በሳምንት ከ40 ሰዓት ካለፍሽ ግን ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይገባሻል፤ በዓል ሆነም አልሆነም። ባንክና ፖስታ ቤት ዝግ ነው። እኛ በዓል መሆኑን የምናውቀው በእንግዳው ብዛት ነው።

መልስ | የሜትሮ ደንበኛ

ዋናው ርችት ዲሲ፣ ናሽናል ሞል የሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ማታ 3 ሰዓት አለፍ ሲል ይጀምራል (በፈረንጁ 9)፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይቆያል። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፤ መጠጥና ጠርሙስ አያስገቡም። ችግሩ መመለሻው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንዴ ባቡር ጣቢያ ይወርዳል፤ ልጅ ይዞ አይሞከርም። እኔ ብሆን በሬድ ላይን ባቡር ሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ድረስ ሄጄ፣ እዚያ ቀይሬ ቨርጂኒያ፣ ሮስሊን እወርዳለሁ። ትንሽ በእግር ሄዳችሁ የኢዎ ጂማ መታሰቢያ ሐውልት ጋ ትቀመጣላችሁ። ከወንዙ ማዶ ሁሉም ይታያል። እዚያም ሰው አይጠፋም፤ ቀደም በሉ።

መልስ | የአሌክሳንድሪያዋ

ስለ እማማ ልናገር፤ አባቴን ይዤ አልፌበታለሁ። «ርችት አለ» ብለሽ ብቻ አትተያት። በስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያበቃ ንገሪያት። የአምናውን ቪዲዮ በቀን፣ ድምፁን ቀንሰሽ በስልክሽ አሳያት። አባቴን የጎዳው ትልቁ ርችት አልነበረም፤ ያንንማ ይጠብቀው ነበር። የጎዳው ከበዓሉ በፊትም በኋላም የሰፈር ጎረምሶች ድንገት የሚያፈነዱት ነው። ድው ይልና ዝም፣ ከዚያ እንደገና ድው። ተኩስ የሚመስለውም እሱ ነው። አንዳንድ ዓመት የጦር አውሮፕላንም በዲሲ ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ይህንንም አስቀድማ ትስማው።

ማታ መስኮቱን ዝጊ፣ መጋረጃውን ጋርጂ፣ ኤሲውን ልቀቂው፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጊ። ከመንገድ የራቀው ክፍል ይሻላል። ብቻዋን አትተያት። ስትደነግጥ አትሳቁባት፤ «ርችት ነው እማዬ፣ አብሬሽ ነኝ» በያት። ቀናት አልፈውም እንቅልፍ ካጣች ሐኪም ይያት።

መልስ | ዝምተኛው

ከቨርጂኒያ መንገድ ዳር ርችት ገዝታችሁ እንዳትገቡ። እናንተ ባላችሁበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በእጅ የሚያዘው ብልጭልጭ እንኳ ክልክል ነው። ሌላው፣ የሥራ ባልደረቦችሽ «የእናንተ የነፃነት ቀን መቼ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። የካቲት 23ን፣ የ1888ቱን አድዋ ንገሪያቸው። የጣሊያንን አምስት ዓመት ካነሱ ደግሞ ሚያዝያ 27 አለልሽ። በምሳ ሰዓት አያልቅም እንጂ!

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ማኔጀሬን የጠዋት ሺፍት ለምኜ እሺ ብላኛለች። ማታ እኔ ከእማዬ ጋር ቤት እሆናለሁ፤ ባለቤቴ ልጆቹን ሮስሊን ይወስዳል። ትንሿ በጋሪ ናት፤ ሊፍት አለ?

መልስ | የሜትሮ ደንበኛ

አለ። ግን በዚያ ቀን ሰልፍ አለው። ውሃና ምንጣፍ ይያዝ፣ ለትንሿም የጆሮ መከላከያ። የሜትሮ ካርዱ ላይ የመመለሻውን ሒሳብ ከቤት ሳይወጣ ይሙላ፤ ማታ ማሽኑ ጋ ወረፋ ነው።