ለ20 ልጆች መጠለያና ትምህርት፦ ሁለት ሞግዚት ይበቃል?

ጠያቂ
ሰላም ለዚህ ቤት። ጥቂት ሆነን የበጎ አድራጎት ማኅበር እያቋቋምን ነው። እያንዳንዳቸው 16 ካሬ ሜትር የሆኑ አምስት ክፍሎች ያሉት ቤት በነፃ አግኝተናል። ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ 20 የችግረኛ ቤተሰብ ልጆችን አስገብተን ልናስተምር አስበናል። ሁለት ሞግዚት ይበቃናል? ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ አሉባቸው፤ እነሱንስ ከየት እናስጀምር?

ማኅበራዊ ሠራተኛ
እንዳላችሁት ከሆነ ልጆቹ ቤተሰብ አላቸው። ታዲያ ለምን ይገባሉ? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመነጠል ምክንያት እንዳይሆን ይላል። አልጋና ትምህርትን አንድ ላይ አስራችሁ ከሰጣችሁ፣ ልጇን ማሳደግ የምትችል እናት ለትምህርቱ ስትል ታስረክባችኋለች።

ስለዚህ መጀመሪያ አጣሩ። ሁለት ሆናችሁ ልጁ እስካሁን የኖረበት ቤት ድረስ ሂዱ፤ ቢሮ ጠርቶ መጠየቅ አያዋጣም። ሲታመም ማን ያስታምመዋል? ባለፈው ወር የት አደረ? ወንድም እህቶቹ የት ናቸው? አያት ወይም አክስት ካለችና የጎደላት የኪራይና የደብተር ገንዘብ ከሆነ፣ እሱን ሸፍኑ። አልጋው በእውነት ማደሪያ ላጣ ልጅ ይሁን፤ ያውም በሚመለከተው የመንግሥት አካል የጽሑፍ ፈቃድ። ወንድምና እህት አይነጣጠሉ። ልጁ በገባበት ቀን የሚወጣበት እቅድ ፋይሉ ውስጥ ይግባ፣ በየ3 ወሩም ይታይ።

የመጠለያ አስተዳዳሪ
ስለ ሞግዚቱ፦ አይበቃም። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ ሰው 40 ሰዓት ቢሠራ፣ አንድን የሥራ ቦታ ቀንና ሌሊት ለመሸፈን ብቻ ከ4 ሰው በላይ ይፈጃል። ፈቃድና ሕመም ሲታከልበት 5 በሉት። ሁለት ሞግዚት የቀጠረ ቤት ውስጥ ሌሊቱን የሚጠብቁት ትልልቆቹ ልጆች ናቸው፤ ጥቃት የሚደርሰውም እዚያው ላይ ነው።

ክፍሎቹም በወረቀት ላይ ነው የሚበቁት። በአደጋ ጊዜ መጠለያ የሚሠራበት የስፊር መመዘኛ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ይላል፤ በዚህ ሒሳብ ክፍሉ 4 ልጅ ይይዛል። ግን አንዱ ክፍል ለታመመ ልጅ፣ አንዱ ለተረኛ ሞግዚት ይውጣ። የቀሩት ሦስቱ 12 ልጅ ነው የሚችሉት፣ ያውም ወንድና ሴት ሲለይ ቁጥሩ ሊቀንስ ይችላል።

አንድ ነገር አትርሱ፦ አዲስ የገባ ልጅ፣ የ10 ዓመት ልጅም ቢሆን፣ ሌሊት ሽንት ሊያመልጠው ይችላል። ፍራሹ ሁሉ ፕላስቲክ ይልበስ፣ ለአንድ አልጋ 3 አንሶላ ይኑር፣ ሌሎቹ ሳይነሱ በዝምታ ይቀየርለት። ፍራሹ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ግን መሳለቂያ ሆነ ማለት ነው፤ መኮብለል የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መምህር
ፊደል የማይለየውን የ12 ዓመት ልጅ ከ6 ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ብታስቀምጡት በኀፍረት ያቋርጣል፣ ከእኩዮቹ ጋር ብታስገቡት ምንም አይገባውም። መጀመሪያ ለየብቻ ፈትኗቸው፦ ፊደል ይለያል? ቃል ያነባል? አንቀጽስ? ከ100 በታች ይደምራል፣ ይቀንሳል? በዕድሜ ሳይሆን በደረጃ መድቧቸው፣ በቀን 2 ሰዓት አስተምሩ፣ በየ6 ሳምንቱ ፈትናችሁ ቡድን አሸጋግሩ። መደበኛ ክፍል መግባት አንቀጽ አንብቦ ሲረዳ ይድረስ።

«ደካማ» ከማለታችሁ በፊት ዓይንና ጆሮ ይመርመር። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ስንፍና ያለበት ይመስላል።

ትምህርት ቤቱ ነፃ ቢሆንም ጫማ፣ ደብተር፣ ትራንስፖርት፣ ለሴቶቹም የንጽህና መጠበቂያ በጀት ውስጥ ካልገቡ ልጆቹ ይቀራሉ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልን። እንግዲህ ቤቱን ምን እናድርገው? ለጋሾች እኮ «አንድ ሰው አንድ ልጅ ይርዳ» በሚል ነው ቃል የገቡት።

የመጠለያ አስተዳዳሪ
የቀን ማዕከል አድርጉት፦ ከትምህርት መልስ ምግብ፣ መታጠቢያ፣ ጥናት። ማታ ቤተሰብ ያለው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለት ክፍል ማደሪያ ለሌላቸው ይያዝ።

የለጋሾቹን ገንዘብ በአንድ ቋት ሰብስቡ። ለአንድ ልጅ ብቻ ከታሰረ፣ ለጋሹ ያቆመ ዕለት የዚያ ልጅ ትምህርትም ይቆማል። የ6 ወር ወጪ በባንክ ሳይኖር የመጀመሪያውን ልጅ አታስገቡ፤ ቼክ ላይም ሁለት ፈራሚ ይኑር። የልጆቹን ፎቶና ስም አብራችሁ አትለጥፉ፣ ጎብኚም መኝታ ክፍል አይግባ፣ ትልቁ ለጋሽም ቢሆን።