ሃርድቶፕ፦ ፍሬኑ አንዳንዴ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ ደግሜ ስረግጠው ይይዛል

የጅማ_ሃርድቶፕ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በፈረንጅ 1996 ሞዴል ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነው ያለኝ፣ ከጅማ ወደ አጋሮ መስመር ነው የምሰራበት። አስፋልት ላይ ፍሬኑ ምንም አይልም። ከአጋሮ ወደ ውስጥ ቡና ጣቢያው ጋ የሚያስገባውን ፒስታ (አስፋልት ያልሆነውን ኮረኮንች) ጨርሼ መጀመሪያ ፍሬን ስይዝ ግን ፔዳሉ ዝም ብሎ ወለል ድረስ ይገባል፣ ቶሎ ብዬ ደግሜ ስረግጠው ከላይ ይይዛል። ጋራዥ ስወስደው አይደግመውም እኮ! አንድ ጋራዥ የፊት ፓድና የኋላ ሸራ ቀይረው አየር አስወጥተው ሰጡኝ፣ አስር ቀን ደህና ሆኖ ተመለሰ። የፍሬን ዘይት አይጎድልም፣ የትም አያፈስም። ባለፈው ሐሙስ ስድስት ሰው ጭኜ በሬ ገባብኝ፣ ሁለተኛው እርግጫ ነው ያተረፈን። ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ እባካችሁ የምታውቁ።

ጎጀብ_ቁልቁለት፦
ማስተር ፖምፓው ይመስለኛል ወንድሜ፣ ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው፣ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ሲያልቅ ወደ ውጪ ሳያፈስ ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል። ሞተር አስነስተህ ቆመህ ፔዳሉን በመጠኑ ተጭነህ አንድ ደቂቃ ያዘው፣ ቀስ እያለ ከሰመጠ ፖምፓ ነው። ዘይቱስ መቼ ተቀየረ? ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፣ ውሃ ከሳበ ግን ወደ 140 ይወርዳል፣ የቦንጋን መንገድ ጎጀብ ስትወርድ ፍሬን ላይ ቆመህ ከወረድክ ያ ሙቀት ላይ ይደረሳል።

አዌቱ_ዳር፦
ሰርቮ ነው፣ ፔዳሉን የሚያቀልልህ አጋዡ፣ እኔም ደርሶብኛል።

የጅማ_ሃርድቶፕ፦
አሁን ሞከርኩት፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ያዝኩት አይሰምጥም። ዘይቱ አየር ሲያስወጡ ነው የተቀየረው። ደሞ የሚያደርገው ቁልቁለት ላይ ሳይሆን ፒስታ ላይ ነው፣ ሜዳም ቢሆን።

የድሮ_መካኒክ፦
ልጄ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፣ ፒስታ። ሰርቮ ሲደክም ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ ይደነድናል እንጂ አይወርድም። ናፍጣ መኪና ስለሆነ ሰርቮው የሚሰራበትን አየር የሚስብለት ፓምፕ አለው፣ እሱም ቢደክም ያው መደንደን ነው። ያንተ ኩሽኔታ ነው፣ ጎማው የሚሽከረከርበት። የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሲላላ ዲስኩ በየጉድጓዱ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ ፓዶቹንና ፒስተኖቹን ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው እርግጫ ክፍተቱን ሲሞላ ያልቃል፣ ሁለተኛው ነው የሚይዘው። አስፋልት ላይ ስለማይንቀጠቀጥ ምንም አይል፣ ጋራዥ ግቢ ውስጥም አይገኝም።
በክሪክ አንሳውና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ክፍተት ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልህና እንደገና ነቅንቅ፣ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ መሪ ስትጠመዝዝ ጎማው የሚታጠፍበትን የላይና የታች ኩሽኔታ ፈትሽ። እስከዛ ሰው እንዳትጭን አደራ።

የጅማ_ሃርድቶፕ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የቀኙ ተነቀነቀ፣ ልጁ ፍሬን ሲረግጥልኝ ቀጥ አለ። ሌላ መካኒክ ጋ ወስጄ አጠገቡ ቆሜ አስከፈትኩት፣ ግሪሱ ውሃ ገብቶበት ወተት ያለው ቡና መስሏል፣ ክረምቱን ስንት ወንዝ ስሻገርበት ነበር። ከዛ ይልቅ ያናደደኝ ኩሽኔታውን የሚያስረው ዳዶ ነው፣ ጠርዙ በሙሉ የመሮ ምት ነው፣ ባለ 54 ቁልፍ የሌለው ሰው በመዶሻ ሲፈታው ሲያስር ኖሯል፣ ሁለቱ ዳዶዎች መሀል ያለው ሮንዴላ ደግሞ ዳዶው እንዳይላላ ጠርዙ መታጠፍ ሲገባው ጭራሽ አልታጠፈም፣ በምን ይያዝ?

የድሮ_መካኒክ፦
ሮንዴላውን አዲስ አድርግ፣ አሮጌውን መልሰህ እንዳታጥፈው ይሰበራል። የውስጡ ዳዶ ሲጠብቅ ጎማውን እያዞሩ ይሁን፣ ከዛ አላልቶ እንደገና በልኩ። ከጠበቀ ኩሽኔታው ይቃጠላል።

የጅማ_ሃርድቶፕ፦
የቀኙ ጎማ የውስጥና የውጪ ኩሽኔታ፣ የዘይት ጎሚኒውና ሮንዴላው ተቀየረ። ዛሬ ባዶውን ፒስታውን ሁለቴ ተመላለስኩበት፣ ሲያልቅ ፍሬን ስይዝ መጀመሪያውኑ ከላይ ያዘ። የግራው ባይነቀነቅም ያው እጅ ስለነካው ነገ አስከፍተዋለሁ፣ ሰው የምጭነው ከዛ በኋላ ነው።