ክሪፕቲክ ክሮስወርድ፦ መልሱ ገብቶ ምክንያቱ ሳይገባኝ ሲቀር ምን ላድርግ?

ፍራንኮ_ሰፈር፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከአዳማ ነኝ። ክሪፕቲክ ክሮስወርድ (ፍንጩ በቃል ጨዋታ የተደበቀ የቃላት ሳጥን እንቆቅልሽ) የምትሰሩ ካላችሁ እርዱኝ። የእንግሊዙን ጋርዲያን ጋዜጣ ኦንላይን በየቀኑ እሞክራለሁ፣ የሰኞው ቀለል ስለሚል ደህና እሄዳለሁ ረቡዕ ሀሙስ ሲመጣ ግን እጅ እሰጣለሁ። የሚያናድደኝ የሚያቋርጡት ፊደሎች ስለሚያሳብቁ መልሱን እሞላዋለሁ ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም። አሁን ከጓደኞቼ ጋር ቴሌግራም ላይ የቀኑን ክሮስወርድ ተራ በተራ መተንተን ጀምረናል፣ ነገ ተራው የኔ ነው። መልሱን ብቻ ብለጥፍ ይበቃል?

ወደጎን_ወደታች፦
መልሱንማ ጋዜጣው ራሱ ያወጣዋል እኮ ወንድሜ! ትንተና ማለት እያንዳንዱ ፊደል ከየት እንደመጣ ማሳየት ነው። ፍንጩ ሁለት ነገር ነው የያዘው፣ አንዱ ቀጥታ ፍቺ አንዱ የቃል ጨዋታ፣ ፍቺው ደግሞ ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው መሀል አይገባም፣ ስለዚህ ከሁለቱ ጫፍ ፈልገው። አልፎ አልፎ ብቻ ነው ፍንጩ በሙሉ ሁለቱንም የሚሆነው። ከፍቺው የተረፈው ቃል ሁሉ ስራ አለው። «የሰከረ»፣ «የተሰበረ»፣ «የተናወጠ» አይነት ቃል ካየህ አጠገቡ ያሉትን ፊደሎች ቁጠር፣ ቅንፍ ውስጥ ካለው ቁጥር (የመልሱ ፊደል ብዛት ነው) ጋር ከገጠመ በትነህ ደርድራቸው።

በአማርኛ ልሞክርልህ፦ «ሜዳ ቦታ ውስጥ የሚበላ (2)»። ሁለቱን ቃል ገጣጥመህ መሀሉን እይ፣ ዳቦ አለ። ሌላ፦ «እግር ላይ የሚደረግ የተገለበጠ ማጫ (2)»። አንባቢው ሰርግ ሰርግ ይሸተዋል፣ መልሱ ጫማ ነው። ነገ ስትጽፍ ፍቺውን አስምርበት፣ ጨዋታውን አብራራ፣ ያልገባህ ካለ «ይሄ አልገባኝም» ብለህ ተወው፣ ከግሩፑ አንዱ ያየዋል።

ሐይቅ_ዳር፦
ከሀዋሳ። ከላይ ያለው ልክ ነው፣ ግን ለኛ የሚከብደው እንግሊዝኛው ሳይሆን የእንግሊዞቹ ልማድ ነው። «ዳክ» ካለ ብዙ ጊዜ ዳክዬ ሳይሆን የክሪኬት ዜሮ ነው፣ ማለትም «ኦ» ፊደል። «ሰራተኛ» ካለ ጉንዳን፣ ማለትም የእንግሊዝኛው «አንት» ፊደሎች ሊሆን ይችላል፣ «መርከበኛ» ካለ «ኤ» እና «ቢ» ፊደሎች። እነዚህን ደብተር ላይ መዝግብ፣ ሁሌ ተመልሰው ይመጣሉ። አዘጋጆቹ ለስማቸው እንኳን አይመለሱም፣ ኦብዘርቨር የሚባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአስርት አመታት ያዘጋጀው አዜድ የብዕር ስሙ የስፔኑ ኢንኩዚተር (የቤተክርስቲያን መናፍቃን መርማሪ) ዴዛ በእንግሊዝኛ ፊደል ተገልብጦ ነው።

ደግሞ ሰው ሁሉ «ቅኔ ነው» ይላል፣ እኔ ብዙም አይዋጥልኝም። ቅኔ ላይ ሰሙም የራሱ መልእክት አለው፣ ህብረ ቃሉ ላይ ነው ሁለቱ የሚገናኙት። እዚህ ግን ከላይ የሚነበበው ታሪክ ለማሳሳት ብቻ የተቀመጠ ነው፣ ሰርጉን ረስተህ ፊደሉን ካልቆጠርክ አትደርስም።

ፍራንኮ_ሰፈር፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ በተለይ የዳክዋ ነገር ያለፈውን ሳምንት ሁሉ ፈታችልኝ። እኔም አንድ ሞከርኩ፦ «የመጀመሪያው ሰው መጨረሻው ራብዕ ሲሆን የድሮዋ ናዝሬት (3)»። ያስኬዳል?

ወደጎን_ወደታች፦
አዳማ! በጣም ነው የወደድኩት። አዳም ላይ ሳድሱ «ም» ወደ ራብዕ «ማ» ሄደ፣ ፍቺው መጨረሻ ላይ ነው፣ ትርፍ ቃልም የለም። ይሄ በእንግሊዝኛ የማይሰራ የፊደላችን ጨዋታ ነው፣ ግሩፑ ላይ ልቀቀው። ሙሉ ሳጥን ልትሰራ ካሰብክ ግን አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ እንደ አንድ ይቆጠሩ እንደሆነ ከመጀመሪያው ለፈቺው ንገረው፣ አለዚያ ወደ ጎን «አዳማ» ብለህ ወደ ታች «ዐፈር» ስታስጀምር አንድ ሳጥን ላይ ሰው ይጣላሃል።