ለባዮሎጂ ሰዎች አር (R፣ የዳታ ትንተና ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ላስተምር ብዬ ኢንስታል ላይ ቀረሁ፣ እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ባለፈው ለ18 የባዮሎጂ ማስተርስ ተማሪዎች የ2 ቀን የአር ወርክሾፕ ሰጠሁ፣ ማለቴ ልሰጥ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ቀን እስከ ምሳ ያለቀው ኢንስታል በማድረግ ነው። ዋይፋዩ ለዛ ሁሉ ሰው አልቻለም፣ ፓኬጁ (አር ላይ የሚጨመረው መሳሪያ) ግማሽ ላይ ይቆምና ኤረር፣ እሺ ብዬ በፍላሽ አዞርኩላቸው እሱም ለግማሹ እምቢ አለ፣ ለካ ዊንዶውስ ላይ ለአር ቨርዥን 4.3 የተዘጋጀው የፓኬጅ ዚፕ ፋይል አር 4.1 ያለው ላፕቶፕ ላይ አይሰራም (እኔም የዛን ቀን ነው የገባኝ 😅)።

ከሰዓት ደግሞ አንዷ ልጅ ፋይሉ ዴስክቶፗ ላይ ቁጭ ብሎ እያየችው አር የለም ብሎ ይከራከራታል፣ 20 ደቂቃ ፈጀብን፣ በኋላ ስናይ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ዊንዶውስ የደበቀው ሁለተኛ ".csv" አለ። ሌሎቹ ስልካቸውን አወጡ።

ጥሩ የሄደው ከሶፍትዌር ካርፐንትሪ (ለተመራማሪዎች ኮዲንግ ከሚያስተምር ድርጅት) የኮረጅኩት ቀይና አረንጓዴ ስቲኪ ኖት ነው፣ የተቸገረ ቀዩን ላፕቶፑ ላይ ይለጥፋል፣ እጅ ማውጣት የሚያፍር ሁሉ ለጠፈ። ኤክሴል ሴፕት2 የሚባለውን ጂን ወደ ሴፕቴምበር 2 እንደሚቀይርና በዚህ ጣጣ እነዛ ጂኖች ስማቸው እንደተቀየረ ሳሳያቸውም ነቁ።

አሁን ሁለተኛው ዙር 2 ሳምንት ቀረው። አርስቱዲዮ ሰርቨር (አርን ከሌላ ኮምፒውተር በብራውዘር የሚያስጠቅመውን) አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ያለኢንተርኔት በራውተር ብቻ ለ18 ሰው ያካፈለ አለ? 16 ጂቢ ራም ይበቃዋል ወይስ ያንሰዋል? ደሞ በራሳቸው ዳታ ልጀምር ወይስ ለሁሉም አንድ አይነት ልስጥ? የሞከራችሁት ካለ በናታችሁ ንገሩኝ